የላውንደሪው ዕቁብ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ዛሬ የዕቁብ ቀን ነበር። ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ ሱቁ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ሴቶቹ የአሠሪዎቻቸውን ዩኒፎርም አንጠልጥለው ይገባሉ፣ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ይጥላሉ፣ ለልብሱ መዳም የሰጠቻቸውን ይከፍላሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ካርድ ከጉያቸው አውጥተው የክፍያ ማሽኑ ላይ ለዕቁቡ ያስነካሉ።

ይህን ዕቁብ ያቋቋምኩት እኔ ጀሚላ ነኝ፣ ልኩራራ። በወታደር ከተማው ግቢ ውስጥ የሚሠሩት የአገሬ ልጆች ያለ መዳም ፈቃድ የትም አይወጡም። ለባቃላ፣ ለሸቀጥ ሱቁ፣ ሾፌር ይላካል፣ ባንክ ሩቅ ነው። ብቻቸውን የሚለቀቁት ወደ ላውንደሪ ነው፤ እሁድ ጠዋት የባልየው ልብስ ተተኩሶ ካልተገኘ ቤቱ ይታመሳላ። ስለዚህ ዕቁባችን የሚኖረው መተኮሻው ጀርባ ነው። ደሞዛቸው በካርድ ከሆነ ወዲህ በሱቁ ማሽን ያስነካሉ፤ እኔ ከሱቁ ሒሳብ አውጥቼ ለባለ ዕጣዋ አስረክባለሁ።

ከዚህ ዙር የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ዘይነብና ሩቂያ። ሩቂያ የመጨረሻውን የመረጠችው ራሷ ናት። «እጄ ከገባ ወንድሞቼ ይጨርሱታል፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» ብላ። በጥቅምት መጨረሻ ኮንትራቷ አልቆ አገሯ ትገባለች። ሐርቡ ላይ የወፍጮ ቤቱን አሠርታ ጨርሳለች፤ የቀራት ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ይሄ ዕቁብ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

አንድ ልጅ መጣ። ፋሃድ ይባላል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። ለትንንሽ ሱቆች ገንዘብ የሚያቀርብ ድርጅት ወኪል ነው። እንደ ሁሉም በልጄ በመራም ስም ጠርቶኝ የማሽናችንን ገቢ ስልኩ ላይ አሳየኝ።

«ኡም መራም፣ በዚህ መንገድ ላይ ያሉት ላውንደሪዎች ገቢያቸው ወታደሩ ሲመጣ ይወጣል፣ ሲሄድ ይወርዳል። ያንቺ ግን በየወሩ አይነቃነቅም። እንዴት አድርገሽ ነው?»

የማይነቃነቀው ዕቁቡ መሆኑን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ምን አገባው ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ሙገሳው ጣፍጦኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የወታደር ኮሌታ ስተኩስ ጎበዝ ያለኝ ሰው የለም።

ብድር አይደለም አለኝ። ሪባም አይደለም፣ ወለድ የለውም፣ ሽያጭ ነው። ነገ የምትሠሪውን ዛሬ ከአንቺ እንገዛለን። ሠላሳ ሺህ ሪያል ትወስጃለሽ፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ እስኪሞላ ድረስ ማሽኑ ላይ ከሚነካው ከመቶ ሃያውን ድርጅቱ ይወስዳል። ካልሠራሽ አይቆረጥም።

አሮጌው መተኮሻ እንፋሎቱ ይሾልካል። የብሔራዊው ቀን ሰልፍ እየመጣ ነው። ማዶ ያሉት ፓኪስታኖች ሁለት አዲስ መተኮሻ ተክለዋል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

አቡ ነዋፍ መጣ። ሱቁ በስሙ ነው፤ ጡረታ የወጣ አምሳ አለቃ ነው፣ በየወሩ ድርሻውን ይወስዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጉልበቱን ያማርራል። የድርጅቱ ውል የሚጸድቅበት ኮድ ስልኩ ላይ ገባለት። «ያላ ጻፊ» ብሎ አነበበልኝ፣ አለቀ። ፊርማው የእሱ፣ ላቡ የእኛ።

መራም ውሉን አውቶቡስ ስትጠብቅ አንብባልኛለች። ልጄ እዚሁ ስላደገች ዐረብኛው ውሃ ነው፣ አማርኛው ነው የሚያዳልጣት። «ማማ፣ ኩሉ ዐመሊያ ይላል። ሁሉም... እንዴት ይባላል... የተነካው ሁሉ» አለችኝ። «እሱን አውቃለሁ» አልኳት። የአንድ ኮሎኔል ልብስ በእጄ ነበር።

ለባሌ ለአብዱልቃድር ሐሙስ እነግረዋለሁ። ሰናኢያ፣ የኢንዱስትሪ ሰፈሩ፣ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ሳምንቱን እዚያው አድሮ ሐሙስ ማታ ነው የሚመጣው። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

አብዱ መጣ። ወገቡን አሞታል። ሌላ ቀን።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

መተኮሻው ተተከለ። ሱሪውን ታስተኛዋለህ፣ ክዳኑን ትጫነዋለህ፣ ፉሽ ይላል፣ አበቃ። መስመሩ እንደ ምላጭ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። በቀረው ብር የውሃውን ቧንቧና ቦይለሩን አሳደስኩ። ምንም አልተረፈም፣ ቢተርፍ ነበር የሚቆጨኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

አብዱ አዲሱን መተኮሻ በእጁ ዳበሰው።

«በምን ተገዛ?»

«አቡ ነዋፍ ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ፊርማው የእሱ ነው። አብዱ አላህ ይስጠው ብሎ ዱዓ አደረገለት። ዱዓው ሲያልቅ አሚን አልኩ።

እሁድ፣ መስከረም 11

ቁጭ አላልኩም። ለሰልፉ ብርጌዱ በሙሉ ልብስ አመጣ። እጄ ላይ ቃጠሎ። መራም ከትምህርት ቀርታ ረዳችኝ። ማሽኑ ይቆርጣል፣ ይቁረጥ፣ አይሰማኝም። አልሃምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ዛሬ የዘይነብ ዕጣ ነበር። ዘይነብ የኮሎኔሉ ቤት ሠራተኛ ናት፣ ከሁላችን በዕድሜ ትበልጣለች፣ በምላስም።

ወደ መግሪብ ከሒሳቡ ላወጣላት ስል ብሩ አልሞላም። መጀመሪያ አንዷ ረስታ መሰለኝ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፣ ሁሉም ትናንትና ዛሬ አስነክተዋል። ከዚያ ገባኝ። ማሽኑ ከዕቁቡም ቆርጧል። ከእያንዳንዷ ከአምስት ሪያል አንዱ ሄዷል።

ለፋሃድ ደወልኩ። «ይሄ የሴቶች ዕቁብ ነው፣ ሽያጭ አይደለም» አልኩት።

«ኡም መራም፣ ያልተሸጠ ነገር በማሽኑ ለምን አለፈ?»

ሲያሞግሰኝ ዝም ያልኩ ሰው አሁን ምን ልመልስ? ሽያጭ ሲለኝ እኔ የታየኝ ልብስ ነው። ማሽን ልብስና ዕቁብ አይለይም። አቤት እንዳልል ሱቁ በሰው ስም ነው፤ አፌን ስከፍት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም፣ አብሮ ይከፈታል። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት አሉ።

ለዘይነብ ለኪራይ ካስቀመጥኩት ሞላሁላት። ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። ኪራዩ ገና ነው።

እሁድ፣ መስከረም 25

መራም ነግራኛለች እንዴ? የተነካው ሁሉ ብላኛለች። ልብስ በእጄ ነበር።

እሁድ፣ ጥቅምት 2

ብርጌዱ ለልምምድ ወደ ደቡብ ወረደ። ሁለት ወር ይላሉ። ማታ በአውቶቡስ ሲወጡ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ከጠዋት እስከ ዝሁር ሶላት አራት የወንድ ቀሚስ፣ ቶብ፣ እና አንድ የአልጋ ልብስ። አዲሱን መተኮሻ አላሞቅኩትም፣ ለአራት ቶብ ጋዝ አላቃጥልም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከድርጅቱ ደወሉ። ፋሃድ አይደለም፣ ሌላ፣ ድምፁ ቀዝቃዛ። የማሽኑ ገቢ ለምን ወረደ? ገንዘብ በጥሬ እየተቀበላችሁ ነው ወይ? ወታደሩ ሄዷል አልኩት። ውሉ ላይ ወታደር የሚል የለም አለኝ።

ሁለት የዕቁቡ ልጆች ልብስ ሲጠብቁ ከመጋረጃው ወዲያ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ጀሚላ ከስታለች።»

«ባሏ ሌላ ሊያገባ ይሆናል።»

ልወጣና ላስቃቸው አሰብኩ። አልወጣሁም። ለካ ሰው የሚያማሽ በሌለብሽ ነገር ሲሆን ይቀላል።

አብዱ ዛሬ ማታ ይመጣል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ስለ ፋብሪካው አለቃ አወራን። ስለ መራም ፈተና አወራን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ለዚህ ወር ዕቁቡን በጥሬ አምጡልኝ ብያቸው ነበር። ግማሾቹ እንዴት ብለው? ካርዱ እጃቸው ላይ ነው፣ ገንዘብ ማውጫው ማሽን ግን ከግቢ ውጭ ነው። መዳሞቻቸውን የለመኑት አምስቱ ዛሬ ቀድመው አመጡ። ዘይነብ ልምምድ ያልሄደውን ኮሎኔሉን ራሱን ልካዋለች፣ እሷ ማንን ትፈራለች። «ማሽኑ ምን ሆነ?» አለችኝ። ተበላሽቷል አልኳት፣ አይኗ ማሽኑ ላይ ነበር፣ አንድ ወታደር እያስነካበት።

ብሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ለብቻው፣ በፌስታል። ባለ ሕንፃው ሰኞ ይመጣል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ባለ ሕንፃው መጣ። የፌስታሉን ብር ሰጠሁት። ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ብርጌዱ ቀድሞ ሊመለስ ይችላል የሚል ወሬ አለ። ከተመለሰ የጎደለው በአንድ ሳምንት ይሞላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ወደ ቦታው እመልሳለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የሩቂያ ቀን። የቀሩት አስነኩ፣ ድርጅቱ የሱን ወሰደ። ከዕቁቡ እጄ ላይ ያለው ግማሽ አይሞላም።

ሩቂያ አዲስ ሻሽ አስራ መጣች። ቲኬቷ ተቆርጧል፣ የነገ ሳምንት እሁድ ትበራለች። አሠሪዋ የመውጫ ቪዛዋን፣ ኹሩጇን፣ አስመትቶላታል፣ ማለት ከወጣች ተመልሳ አትገባም። ኮምቦልቻ ያለው ሞተር ሻጭ ቀብድ ተቀብሎ ይጠብቃታል።

«ባንኩ ነው» አልኳት። «በዚህ ሳምንት ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ» አለች።

በሩ ጋ ደርሳ ዞር ብላ አየችኝ። ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን አይታ ወጣች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሩቂያ በሥራ ቀን መጣች። ለመውጣት ሰበብ እንድታገኝ አንድ ሸሚዝ ይዛለች። ሸሚዙ የተተኮሰ ነበር፣ የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ በክር የታሰረበት የሱቃችን ቁጥር አልተነሳም።

«እህቴ፣ ሰውዬው ዛሬም ደወለ። ሌላ ገዢ አለ ይላል።»

«ሐሙስ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ አትበይኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «የመጀመሪያው ቤት አሠሪዬ ስምንት ወር ደሞዜን የያዘው በኢንሻአላህ ነው። ኢንሻአላህ፣ ሩቂያ። ኢንሻአላህ፣ የኔ ልጅ። ከዚያ ቤት ስወጣ በባዶ እጄ ነው የወጣሁት። የአላህን ስም መጋረጃ አታድርጊው። ወይ አለ በይኝ፣ ወይ የለም በይኝ።»

እኔ ሸሚዙን ዘርግቼ እንደገና ተኮስኩት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አጥፌ ሰጠኋት። ተቀብላኝ ወጣች።

የለም ማለት አቃተኝ። አንድ ቃል ነው፣ አቃተኝ። የሰውን ልጅ ደሞዝ የያዘ አሠሪ ስንት ጊዜ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ረግሜያለሁ። አብረውኝ አሚን ሲሉ የነበሩት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። አሁን ሩቂያ ከሁለቱ አሠሪዎቿ የትኛውን እንደምመስል እያሰበች እየሄደች ነው፣ እኔም መንገድ ላይ ሆና የምታስበውን እያሰብኩ ነው። አፍራለሁ። ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ለአብዱ ነገርኩት። ጫማውን ሳያወልቅ፣ እንደገባ። ወገቡን እንዲያመው እንኳ ጊዜ አልሰጠሁትም።

ሁሉንም አልኩ። የፋሃድን ሙገሳ፣ የመሳቢያውን ብር፣ አቡ ነዋፍ ገዛው ያልኩትን። አብዱ ሲቆጣ ጢሙን ይነካል፤ አልነካውም። ያ ይብስ አስፈራኝ።

«ለእሱ ዱዓ አስደረግሽኝ» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አሚን ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

ሪባ ነው አይደለም ብሎ እስኪጮህ ጠብቄ ነበር፣ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ፋሃድ ያስተማረኝን። አልጠየቀኝም። «ሪባ መሆን አለመሆኑን ሼኹ ይፈርደዋል» አለ። «የሩቂያ ግን ፈራጅ አያስፈልገውም።» ስልኩን አወጣና ሱወይዲ ሰፈር ላውንደሪ ላለው ለጀብሪል ደወለ። መተኮሻው የምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ ነገረው፣ ስንት ትከፍላለህ አለው። የኔን ፊት አንዴም አላየም። ሲዘጋ፣ «ነገ ከጁምዓ በኋላ ፒካፕ ይዞ ይመጣል» አለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ጀብሪል ከተገዛበት ግማሽ እንኳ አልሰጠም። የቸገረው ሰው መሆናችንን አይቷል፣ አልወቅሰውም፣ እኔም ብሆን እቀንስ ነበር። ለሩቂያ ይሞላል። የሚተርፈው ለኪራይ አይበቃም።

መተኮሻው ሲነሳ ወለሉ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ድርጅቱ ግን መቁረጡን አልተወም፤ መተኮሻው ሄደ፣ የመተኮሻው ዕዳ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ለሩቂያ ብቻዋን ጠርቼ ልሰጣት እችል ነበር። አብዱም እንደዚያ ይሻላል ብሏል። ግን የተቆረጠው ከሁሉም ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ሲሰበሰቡ በሩን ዘጋሁና ተናገርኩ። አጭር ነበር። ሳወራው እንዲህ አጭር ከሆነ ሁለት ወር ሙሉ ምን ተሸክሜ ነበር?

ዘይነብ ብቻ፣ «የእኔም ተቆርጦ ነበር?» አለች።

«ነበር። ሞልቼልሻለሁ።»

«ከምን?»

«ከኪራዩ።»

«ኪራዩንስ ከምን?»

ሩቂያን አየሁ። ዘይነብም አየቻት።

ብሩን ሰጠኋት። ሩቂያ ዓመቱን ሙሉ ስታስነካ አንድ ቀን ደረሰኝ አልጠየቀችኝም። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች። መብቷ ነው። እዚያ ቆሜ ማየት ነበረብኝ፣ አየሁ። ሞልቷል። በወገቧ አሰረችው።

«ማዓሰላማ» ብላኝ ወጣች። ሌሎቹን አቅፋለች። እኔን አላቀፈችኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ልብስ ያመጣሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ። ደህና ነሽ ይሉኛል። ድሮ ስለ መዳም ክፋት፣ ስለ ልጅ ትኩሳት፣ ስለ ሁሉም ነገር መጋረጃው ጀርባ ይነገረኝ ነበር። አሁን የሚነገረኝ እድፉ የቱ ጋ እንደሆነ ነው።

አዲስ ዙር ሊጀመር ነው፣ ሰብሳቢዋ ዘይነብ ናት። ይህን የሰማሁት ከመራም ነው፤ ዘይነብ ስልኳ ላይ ገንዘብ መቀበያ እንድትከፍትላት ጠይቃታለች፣ ሴቶቹ ከየቤታቸው ሆነው ከካርዳቸው ይልኩላታል።

«ይሄ ድሮም ይቻል ነበር?» አልኳት።

«አዎ ማማ። አልጠየቅሽኝም።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

የብርጌዱ የመጀመሪያው ሻለቃ ጦር ከደቡብ ተመልሷል። ልብሱ ሁሉ አሸዋ ነው። ሴቶቹ ክምር ክምር ይዘው መጡ። ብሩ በስልክ ቢላክም ዕጣ የሚጥሉት አሁንም እኔ ሱቅ ነው፣ ሌላ የት ይለቋቸዋል? ዘይነብ የመተኮሻው ቦታ ላይ፣ ነጩ አራት ማዕዘን ላይ፣ ወንበር አድርጋ ተቀመጠች። እኔ በአሮጌው ማሽን እተኩስ ነበር፣ እንፋሎቱ እየሾለከ። ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ፣ ጆሮዬን ግን አልሰጠሁም።

አዲስ ደንብ አውጥተዋል። በእኔ ጊዜ ያልነበረ፣ እያንዳንዷ ዋስ ትጠራለች። አንዷ ለአንዷ ዋስ እየሆነች አለቁ።

«ጀሚላ» አለች ዘይነብ፣ «አንቺስ ትገቢያለሽ?»

መተኮሻውን አነሳሁት። «ከተቀበላችሁኝ።»

«ዋስሽ ማን ነው?»

ዙሪያውን አላየሁም። ዓይኔን ባነሳ ፊቷን የምታዞረውን እንዳላይ ፈርቼ ነው። አብዱ ልል ነበር፣ ግን ባል ለሚስቱ ዋስ አይሆንም፣ ኪሱ አንድ ነው። ዋስ የለኝም አልኩ። ያቋቋምኩት ዕቁብ ላይ ቆሜ ዋስ የለኝም አልኩ።

«አለሽ» አለች ዘይነብ። «ሩቂያ ናት።»

አንዲት ልጅ ሳቀች። «ሐርቡ ያለች ሰው እንዴት ዋስ ትሆናለች? ብትክድስ ማን እዚያ ድረስ ይሄዳል?»

«እኔም ይህንኑ ብያታለሁ። ስሙ የመለሰችልኝን።» ዘይነብ ስልኳን ከፍ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። መጀመሪያ የሞተር ጩኸት ነው የተሰማው፣ ከዚያ ከሞተሩ በላይ የምትጮህ ሩቂያ፦

«እህቶቼ፣ ጀሚላ ብታጎድል ከወፍጮዬ ቁረጡ። ከመቶ ሃያ ግን እንዳይሆን።»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፣ አልቅሻለሁም፣ እንፋሎቱ ነው አልኩ፣ ማንም አላመነኝም።

ዕጣ ሊጣል ሲል የመጨረሻውን ለእኔ አልኩ። ዘይነብ ጥቂት አየችኝና ይሁን አለች። ከዚያ ልብሱን አስረከቡኝ፣ እሁድ ጠዋት ይፈለጋል።